ምች የመታው ሠርግ

ሠርጌ እሑድ ነበር። ምች የመታኝ ግን ሐሙስ ነው።

ያኔ የምንኖረው ከቦሌ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የቡፌው ብርጭቆ የሚንቃጨልበት ሰፈር ውስጥ ነበር። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እናቴ የጎንደር ሴት ናት። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ገብቻለሁ።

ቤታችን ኪኒን አይገባም ነበር ማለቴ አይደለም። አባቴ ራሱን ሲያመው አስፕሪን ይውጣል። እናቴ ግን ወደ ሐኪም ቤት የምታስበው በእጇ ያለው ቅጠል ሁሉ ተሞክሮ ሲያበቃ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል ተፈልቶለት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይታጠናል። ሆዱን የነፋው ፌጦ በሎሚ ይበጠበጥለታል። ጤና አዳሙ ውሃ ቧንቧው ሥር ስለነበር እጁን ሊታጠብ የሄደ ሁሉ ቀንጠስ አድርጎ እያሸተተ ይመለሳል። አባቴ ደግሞ ኮሶ የሚጠጣበት ቀን ነበረው። የዚያን ዕለት ቤቱ ጸጥ ይላል፣ እንግዳ በበር ይመለሳል፣ እሱ ከጓሮ ጓሮ ሲመላለስ ይውላል። ማታ ላይ ታዲያ፣ ንጉሥ በወረደበት ዘመን እንደ ንጉሥ ዶሮ ወጥ ይቀርብለታል።

ዳማከሴ ግን አልነበረንም። ዳማከሴው የጎረቤታችን ነበር። ጎረቤታችን ከስልጤ አገር የመጣች ሙስሊም ሴት ናት፤ ባሏ ማዕዘኑ ላይ ሱቅ አለው። መጀመሪያ ስንተዋወቅ እርስዎ ብያት ነበር። «የማን እርስዎ ነኝ? አንቺ በይኝ» ብላ አስተወችኝና «እትዬ» እያልኩ እንደ ታላቅ እህቴ መጥራት ለመድኩ። አጥሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳማከሴ ነበር፤ ከሰው ቁመት በልጦ ወደኛም ግቢ ተንጠልጥሏል። ምች የመታው የሰፈር ሰው ሁሉ «እንደምን አደርሽ» እያለ ይመጣና እፍኝ ሙሉ ቀጥፎ ይሄዳል። አንድም ሰው አስፈቅዶ አያውቅም፤ እሷም አትጠብቅም። እኛ ለምን እንትከል? የእሷ አጥር የኛም አጥር ነበር።

የሠርጌ ሳምንት ከውጭ አገር ታላቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ታላቅ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ መንገዱ በኛ በር ነው። ከአውሮፕላን የወረደ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እኛን ነው። ማይክሮፎን የጫነች መኪና በየመንገዱ ዞረች፤ የቆርቆሮ አጥር ኖራ ተቀባ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ራሱ በየግቢው መግቢያ እየቆመ «ከአስፋልት የሚታይ ቁጥቋጦ ሁሉ ይመንጠር!» ይላል።

እትዬ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ እኮ ቁጥቋጦ አይደለም። መድኃኒት ነው።»

«ጓዲት» አላት፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ቸኩሏል። «ከመኪና ላይ ሆነው ሲያዩት ሁሉም ቁጥቋጦ ነው።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የዘመቻው ቡድን መጥቶ ያን አጥር እስከ ሥሩ መነጠረውና በጭነት መኪና ወሰደው። ሰፈሩ በሙሉ ለአንድ ሰዓት ያህል በዳማከሴ ሽታ ታጠነ። እትዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችና «እንግዲህ እንግዳው ምች እንዳይመታው ነው» ብላ ገባች።

ሐሙስ ጠዋት ግቢያችን ዳስ ተጥሎበት፣ የጎረቤት ሴቶች ሽንኩርት እየከተፉ እንባቸውን እያፈሰሱ ይሳሳቃሉ። ሙሽራ ወደ ምድጃ አትጠጋም፤ ይሄ የታወቀ ነው። ግን እናቴ ቅቤ ልታወጣ ጓዳ ስትገባ ማማሰያውን ተቀበልኳት። ትልቁ ድስት ላይ ጎንበስ ብዬ ቁሌቱን እያማሰልኩ፣ እንፋሎቱ ፊቴን እየሞላው ሳለ የቀበሌው ተላላኪ መጣ። ከየቤቱ ሰው ይውጣ፣ እንግዳው እየደረሰ ነው። ያልወጣ ቤት ከቀበሌ ሱቅ ስኳር እንዳይመኝ።

አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ተሰልፏል። እናቴ ድስቷን ጥላ አትሄድም። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

«ኧረ ልጄ ምች! ኧረ ከቁሌት ላይ ተነሥተሽ ፀሐይ!» የምትለው የእናቴ ጩኸት እስከ አስፋልቱ ተከተለኝ።

እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። የሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ እዚያ ነው። የወረቀት ባንዲራ ታደለን፤ እነሱ ባንዲራውን ለእኔ እያውለበለቡ «ሙሽሪት ልመጂ» ማለት ጀመሩ። አንዱ ካድሬ «ዘፈኑ ይሄ አይደለም!» ብሎ እስኪቆጣ ድረስ ጨፈርን። ፀሐይዋ የሚያዝያ ፀሐይ ናት። እንግዳው ዘገየ። እንደገና ዘገየ። በመጨረሻ ሞተር ሳይክሎች አለፉ፣ ጥቁር መኪናዎች ውር ውር አሉ፤ ከመስተዋቱ ጀርባ የተውለበለበው እጅ ይሁን ጓንት ሳልለይ አለቀ።

ዓርብ ጠዋት ስነቃ ራሴ እንደ ድንጋይ ከብዷል፣ ገላዬ ይነዳል፣ ከንፈሬ የኔ አይመስለኝም። መስታወት አነሣሁ። ከንፈሬ ጤፍ የተበተነበት መስሎ ችፍ ብሎ፣ አብጦ፣ ወደ አንድ ጎን ዞሯል። እሪ አልኩ።

እናቴ ሮጣ ገባች። አየችኝ። «አላልኩሽም?» ለማለት አፏን ከፈተችና ሳትለው ተወችው፤ ይልቅ አልጋው ላይ ተቀምጣ ራሴን እቅፏ ውስጥ አስገባችው።

«ዳማከሴ ካገኘን ለእሑድ ይሽራል» አለች። «ዳማከሴ ብቻ ይገኝ።»

አልተገኘም። ችግሩ ምች የመታው እኔን ብቻ አለመሆኑ ነው። ሐሙስ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ከየምድጃውና ከየልብስ ማጠቢያው ተነሥቶ ፀሐይ ላይ ውሏል። ዓርብ ጠዋት ግማሹ ቀበሌ ከንፈሩ አብጦ ተነሣ። በየጓሮው ተርፎ የነበረ ጥቂት ዳማከሴ እናቴ ሳትደርስ አልቋል። አባቴ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ሾላ ገበያ ሊሄድ ወጣ፤ እንግዳው ከተማውን እየጎበኘ ነውና መንገዱ ተዘግቷል። በመጣበት ተመልሶ፣ ባዶ እጁን መግባት ከብዶት ከውሃ ቧንቧችን ሥር ጤና አዳም ቀንጥሶ ይዞልኝ ገባ።

«እስቲ ይቺን አሽቺ» አለኝ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የኛው ነው።»

«ቢሆንስ? የራስ አይሸትም?»

በሕመሜ ላይ ሳቅኩ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ከዚያ ቀጥሎ እናቴ ቤቱ ውስጥ ቀልድ ከለከለች።

ይህን ሁሉ ያየችው እትዬ ሥራዋን ጀመረች። ወደ ባሏ ሱቅ ሄዳ፣ ስልኩን አንሥታ፣ እጮኛዬ ዘንድ ደወለች። እጮኛዬ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ የጉራጌ ልጅ፣ ረጅም፣ ከእጁ ግሪስ የማይጠፋ። በሠርግ ሳምንት ሙሽራና ሙሽሪት አይተያዩም፤ እናቴ ይሄን ሕግ ከቀበሌው ሕግ በላይ ታጠብቀው ነበር። ስልክ ግን በሕጉ ውስጥ አልተጠቀሰም።

«ሙሽራህን ምች መቷታል» አለችው። «ዳማከሴ ይዘህ ድረስ።»

«ዳማከሴ ምን ዓይነት ነው?»

«አንተ የእናትህን ጓሮ ሳታይ ነው ያደግኸው? ቅጠሉ ሻከር ይላል፣ ሲያሹት ይሸታል።»

«የሚሸት ቅጠል ስንት ዓይነት አለ፣ እትዬ!»

«እንግዲያው ሁሉንም አምጣ» ብላ ዘጋችበት።

ከማኮብኮቢያው ጀርባ ያለው ቦሌ ቡልቡላ ያን ጊዜ የገበሬ አገር ነው። እጮኛዬ ከሥራ ሲወጣ አንዳንዴ ወተት የሚገዛባቸው አንዲት የኦሮሞ እናት እዚያ ነበሩ። ብስክሌቱን ይዞ በረረ። እሳቸው አማርኛቸው ጥቂት፣ የእሱ ኦሮምኛ ከዚያ ያነሰ። ዳማከሴ ቢል በእሱ አነጋገር አልገባ አላቸው። ስለዚህ በምልክት ጀመረ፤ ፀሐይዋን አሳየ፣ ግንባሩን ይዞ አቃሰተ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ በጣቱ አሳበጠው።

«ሚቺ!» አሉና እጃቸውን አጨበጨቡ። «ቆሪቻ ሚቺ!»

የምች መድኃኒት ማለት ነው። ከዚያ ማንን እንዳመመ ጠየቁት። ቬሎ የምትጎትት ሴት አካሄድ ተራመደላቸው። ይሄን ጊዜ «ሚሲሮ! ሙሽራ!» ብለው ሴት ልጆቻቸውን ጠሩ፤ ጎረቤቶቻቸውም መጡ። ሁሉም ከየጓሮው እየቀጠፈ ጆንያ ሞሉለት። ዳማከሴ ብቻ አይደለም፤ ለሙሽራ ነው ተብሎ ያለው ሁሉ ተጨመረ፤ ግራዋ፣ አሪቲ፣ ጠጅ ሳር፣ ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀው ሁሉ። በቅል እርጎ ደግሞ የብስክሌቱ እጀታ ላይ ሰቀሉለት።

ሲመለስ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መንገድ ላይ አስቆሙት። እንግዳው ከተማ ውስጥ ስላለ ፍተሻው ጠብቋል።

«ጆንያው ውስጥ ምንድን ነው?»

«ቅጠል።»

«ከሥሩስ?»

«እሱም ቅጠል ነው።»

ጠባቂው ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ ፈተሸ። ሲያወጣው እጁን አሸተተው። እንደገና አሸተተው። ከዚያ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋ አድርጎ ከአፉ ላይ መሐረቡን አወረደ። ከንፈሩ አብጧል።

«ወንድሜ» አለው፣ «ጓድ» ማለቱን ረስቶ፣ «ለኔም ትንሽ ዘገን አድርግልኝ።»

እጮኛዬ ይህን ሁሉ የነገረኝ በቆርቆሮው አጥር በኩል ነው። ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ደረሰ፤ እናቴ ጆንያውንና ቅሉን በበሩ ተቀብላ፣ እሱን ግን በውጭ አስቀረችው። እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ቆርቆሮው ላይ ወዳለችው የሚስማር ቀዳዳ ሹልክ አልኩ። በዚያ በኩል አንዲት ዓይኑ ትታየኛለች።

«እስቲ ልይሽ» አለኝ።

«አይሆንም። አስቀያሚ ሆኛለሁ።»

«እኔም ግራዋና ጭቃ ነው የምሸተው። እኩል ነን።»

ከዚያ የጠባቂውን ነገር አወራኝ። አፌን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅኩ፤ ከንፈሬ እንደገና ተሰነጠቀ። እናቴ ከኋላዬ ደረሰች።

«አንተ ልጅ! መድኃኒት ልታመጣ ነው ወይስ ልትጨርሳት? ሂድ፣ እሑድ ትወስዳታለህ፣ ያን ጊዜ እንደፈለግህ አስቃት!»

የብስክሌቱ ድምፅ እስኪጠፋ ሰማሁት። እናቴ ተቆጥታ ስትመለስ አየኋት፤ እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

መድኃኒቱን እናቴና እትዬ አብረው ሠሩት። ሁለቱም ትልቁ ትሪ ላይ አጎንብሰው ዳማከሴውን ከሌላው ቅጠል ለዩ። አንዷ «በስመ አብ» ብላ፣ ሌላዋ «ቢስሚላሂ» ብላ በመዳፋቸው አሹት። አረንጓዴው ጭማቂ በጣቶቻቸው መሐል ተንጠፈጠፈ። በጥቁር ቡና አጠጡኝ፤ ምረቱ ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ። በተረፈው ግንባሬን፣ አንገቴን፣ መዳፌንና ከንፈሬን ለቀለቁኝ። ከዚያ ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ከላዬ ከምረው «ላብሽ ካልወጣ አትወጪም» ብለው ተቀመጡብኝ ማለት ይቻላል። ስለ ሠርጉ ዳቦ ሲያወሩ እየሰማሁ፣ በዳማከሴ ሽታ ውስጥ እየሰመጥኩ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ትኩሳቱ ለቆኛል። ቁስሉ መድረቅ ጀምሯል። ወሬውም ወጥቷል፤ ሙሽራው ጆንያ ሙሉ ዳማከሴ አምጥቷል ተብሏል። ሰው መምጣት ጀመረ። የዳሱ ወንበሮች ለሠርግ ተደርድረዋል፤ ከንፈራቸው ያበጠ ሰዎች ተራ በተራ ተቀመጡባቸው። እትዬ ዳማከሴውን እያሸች፣ እናቴ በስኒ እያቀረበች፣ ግቢያችን የቀበሌው ክሊኒክ ሆነ።

ረፋዱ ላይ ሊቀመንበሩ ገባ። አፉን በመሐረብ ይዟል።

ያን ዘመን ሊቀመንበር ሲገባ ሰው ዝም ይል ነበር፤ ለምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። እሱም ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠና መሐረቡን አወረደ። ከሁላችንም የባሰ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመው እሱ ነው።

እትዬ ዳማከሴውን ይዛ ፊቱ ቆመች። እናቴ ቀሚሷን ከኋላ ጎተተቻት። እሷ ግን መናገሯ አልቀረም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ እኮ ቁጥቋጦ ነው። ይመንጠር ብለው ነበር።»

አባቴ ቆሞ የያዘውን ስኒ ማስቀመጥ ረሳ። ሊቀመንበሩ ቅጠሉን አየ፣ እሷን አየ።

«እኔ ከመኪና ላይ ሆኜ ነበር ያየሁት» አለ፤ ባበጠ ከንፈሩ ቃሉ ተጣሞ ወጣ። «አሁን ወርጃለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ነው። «ዋይ፣ ከንፈሬን!» ብሎ አፉን ያዘ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ ሁሉም ከንፈሩን ያዘ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲስቅና ሲያቃስት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼ አላውቅም። ሊቀመንበሩ ስኒ ሙሉ ጠጥቶ፣ ፊቱን አስቀብቶ፣ ሲወጣ ለአባቴ በጆሮው የነገረው ነገር ነበር። የሠርጉ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በዚያው ቀን ደረሰልን።

እሑድ ከንፈሬ ደርቆ ቅርፊት ይዟል፤ እብጠቱ ግን የለም። ቀለም መቀባት አይቻልም። እትዬ በቫዝሊን አለሰለሰችልኝና «እስክትመለሺ ድረስ መሣቅ ሐራም ነው» አለችኝ። ቬሎዬን ለብሼ ስወጣ ሽቶ ተረጭቶብኛል፤ ከሽቶው ሥር ግን ዳማከሴው እንደ ልቡ ይሸታል።

የሰዓት እላፊው ስላለ ሠርጉ ሁሉ በቀን ያልቃል። እጮኛዬ በሚዜዎቹ ታጅቦ ሲገባ እግሩን አየሁ እንጂ ፊቱን ለማየት ፈራሁ፤ ካየሁት እስቃለሁ። እሱም ይህን አውቋል። አጠገቤ ተቀምጦ ፊቱን እንደ ዳኛ አኮሳትሮ ወደ ፊት ያያል፤ ጉልበቱ ግን ከጠረጴዛው ሥር በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ዋናው ሚዜ የጨዋታ ሰው ነበር፤ ሙሽራዋን ሳላስቅ አልውልም ብሎ ያላደረገው የለም። ፎቶ አንሺው ደግሞ «ሙሽሪት ፈገግ!» እያለ ይለምነኛል። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ከዚህ ዓለም የተለየሁ መስዬ ተቀመጥኩ።

አሮጊቶቹ ግን ወደዱኝ። አማቴን ከበው ሲያወሩ እየሰማኋቸው ነበር።

«እንዲህ ያለች ጨዋ ሙሽራ ዛሬ የት ይገኛል! ጥርሷን እንኳ አላሳየችም።»

«የጎንደር ሴት አሳድጋት ነው።»

እናቴ ይህን ሰምታ አንገቷን ቀና አደረገች። እውነቱን ለመናገር አልቸኮለችም። ኬክ ሲቆረስ ባሌ በጣቱ ጫፍ ፍርፋሪ አንሥቶ፣ ለወፍ ጫጩት እንደሚያጎርስ ሰው፣ በጥንቃቄ አጎረሰኝ፤ ሴቶቹ ለዚያም እልልታቸውን አቀለጡት።

ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ። ሁሉም ሰው ጥርስ በጥርስ ነው፤ ሊቀመንበሩ ሳይቀር በአንዱ ጠርዝ ላይ ይታያል። መሐል ላይ እኔ፣ ዘመድ የሞተብኝ መስዬ። ልጆቼ «እማ፣ ለአባዬ በግድ ነው እንዴ የዳሩሽ?» ይሉኝ ነበር።

ለመልሱ ወደ ወላጆቼ ቤት ስንመለስ ቅርፊቱ ወድቋል። በሩ ላይ እንደደረስን እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችውና ሁለቱንም ጉንጮቼን ሳመች። የጆንያው ቅጠል ጓሮ ተከምሯል፤ አባቴ የትኛው ምን እንደሆነ ሊለይ እየሞከረ እያንዳንዱን ያሸታል።

ያን ቀን የታመመው ሌላ ሰው ነው። ያ ሊያስቀኝ ሲጥር የዋለ ሚዜ በሠርጉና በመልሱ መሐል ያገኘውን ክትፎና ጥብስ ሁሉ በልቶ ሆዱን ይዞ ጥግ ላይ ተጠቅልሏል። እናቴ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ መጣች። አማቴ ደግሞ ከጉራጌ አገር የለመዱትን ዝንጅብል ከጤና አዳም ጋር ወቅጠው መጡ። ሁለቱም ስኒያቸውን ይዘው ፊቱ ቆሙ።

«እርስዎ ይቅደሙ» አለች እናቴ።

«ኧረ በፍጹም፤ ቤቱ የእርስዎ ነው» አሉ አማቴ።

«እንግዳ ይቀድማል።»

«ሕመምተኛው ይምረጥ።»

ሚዜው አንዴ ወደ አንዷ፣ አንዴ ወደ ሌላዋ እያየ ላብ አጠመቀው። ማንኛዋን አስቀይሞ ከዚያ ቤት ይወጣል? ሁለቱንም ስኒ ተቀብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አከታትሎ ጨለጣቸው። ፊቱ ተጨማደደ፣ እንባው ወረደ፣ አንድ ረጅም ግሳት ወጣው። ትንሽ ቆይቶ ተነሥቶ ነጠላውን ወገቡ ላይ ሸብ አደረገና ጭፈራው መሐል ገባ።